የመንፈስ ዝለት በመስክ ሥራ ላይ
የተልተሌን ቆላ የውኃ ሥራ ምሳሌ በማድረግ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




በመስክ ላይ የሚሠራ አንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር ስንት ሰዓት እንደ ሠራ በላዩ ከተተከለው መቍጠሪያ ይነበባል። የተወሰነው ሰዓት ሲሞላ ዘይቱ ይለወጣል፤ ማጣሪያው ይጸዳል፤ ከመጠን በላይ ሲግልም እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ይህን ያላደረገ መሥሪያ ቤት ሞተሩ ሲነድበት ጥፋቱ የጥገና ጕድለት ነው ተብሎ ይጠየቃል። ሞተሩን የሚጠብቀው ሰው ግን ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ፣ ከቤተ ሰቡ ከተለየ ስንት ወር እንደ ሆነው የሚነበብበት መቍጠሪያ የለውም። ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ወይም በሥራው ላይ ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ሰነፈ» የሚል ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ፍርድ በአብዛኛው የተሳሳተ መሆኑን ማስረዳት፣ ሠራተኛውን የሚያዝለው የሥራ አደረጃጀት ምን ዓይነት እንደ ሆነ መመርመርና ከማኅበሩ አባሎች የሚጠበቀውን ተግባር ማመልከት ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ ለምሳሌ የተመረጠው ሥፍራ ተልተሌ ነው።

፩. የነገሩ ምንነት

ሠራተኛ በሥራ ብዛት የሚዝል መሆኑ ጥንትም የታወቀ ነው። ሆኖም ነገሩ በሳይንስ መልክ መጠናት የጀመረው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ በኒው ዮርክ ከተማ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቡና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ፣ በነጻ ሕክምና ጣቢያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ ሰዎች ከጊዜ በኋላ እንደ ተቃጠለ ሻማ የሚሆኑበትን ሁኔታ ገለጸ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የዛሉት ሰዎች ሰነፎቹ ሳይሆኑ እጅግ የተጉት መሆናቸው ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1981 ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን ዝለትን የሚለኩበት መጠይቅ አዘጋጁ፤ መጠይቁ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሲሠራበት ቆይቷል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ዝለት «ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ» ተብሎ ተመዝግቧል። ራሱን የቻለ በሽታ ነው አልተባለም፤ መፍትሔ ሳያገኝ ከቆየ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነው ተብሏል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው። አንደኛው ኃይል ማለቅ ነው፤ ሰውየው ተኝቶ ሲነሣ እንኳ ደክሞት ይነሣል። ሁለተኛው ከሥራው በመንፈስ መራቅ ነው፤ ቀድሞ የሚወደውን ሥራ ይጠላል፤ ባለጉዳዩን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሸክም ማየት ይጀምራል። ሦስተኛው «ሥራዬ ምንም አይፈይድም» የሚል ስሜት ነው።

እነዚህን ከተራ ድካም መለየት ያስፈልጋል። ተራ ድካም በአንድ እሑድ ዕረፍት ይለቃል፤ ዝለት ግን አይለቅም። እንዲሁም ዝለትን ከድባቴ ሕመም ጋር አንድ ማድረግ አይገባም። ድባቴ ሐኪም የሚያየው በሽታ ነው። ዝለት ችላ ሲባል ለእርሱ በር የሚከፍት ሊሆን ቢችልም፣ የዝለት ዋና መድኃኒት ያለው በሐኪሙ ክፍል ሳይሆን በሥራው ቦታ ነው።

፪. ከብረት ድካም የሚገኝ ትምህርት

ለመሐንዲስ ይህን ነገር ለማስረዳት ከገዛ ሙያው የተገኘ ምሳሌ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር የመሪው ሞተር ጋድሚያ ብረት በመሰበሩ ተገልብጦ ብዙ ሰው ሞተ። ብረቱ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ያንኑ ሸክም ተሸክሞ ነበር፤ ታዲያ በዚያ ቀን ለምን ተሰበረ? ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ የተገኘው አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ በተለይ በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ባደረገው ምርምር ነው። ቮለር ያስረዳው፣ ብረት በአንድ ጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው እጅግ ያነሰ ጭነት ቢሆንም፣ ደጋግሞ ሲፈራረቅበት በመጨረሻ የሚሰብረው መሆኑን ነው።

ይህን የተማረ መሐንዲስ የተሰበረ ብረት ሲያይ ብረቱን አይሳደብም። ጭነቱ ስንት ነበር፣ ስንት ጊዜ ተፈራረቀ፣ ስንጥቁ የጀመረው ከየት ነው ብሎ ይጠይቃል። ለዛለ ሠራተኛም የሚገባው ይኸው ጥያቄ ነው። በእርግጥ ምሳሌው ወሰን አለው። የብረት ስንጥቅ በዕረፍት አይጠግግም፤ ሰው ግን በወቅቱ ካረፈና ድጋፍ ካገኘ ያገግማል። ስለዚህ በሰው ላይ የሚደረገው ቸልተኝነት በብረት ላይ ከሚደረገው ይልቅ የሚያስወቅስ ነው፤ ሊድን የሚችለውን ማጥፋት ነውና።

፫. ተልተሌና የድርቁ ዘመን

ተልተሌ በቦረና ዞን ከያቤሎ በስተ ምዕራብ የሚገኝ ወረዳ ነው። ሕዝቡ በብዛት አርብቶ አደር ነው፤ ኑሮው በከብት፣ ከብቱም በውኃና በሣር ላይ የተመሠረተ ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ትልቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ «ሐጋያ» የሚባለው ትንሹ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ። ከ2013 ዓ.ም. ሐጋያ እስከ 2015 ዓ.ም. ሐጋያ ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ከሸፉ። በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አለቀ። ከብቱን ያጣው ሕዝብ በዱብሉክና በሌሎችም ሥፍራዎች በመጠለያ ሰፈረ። ዝናቡ የተመለሰው በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዘመን ኵሬዎቹ ሲደርቁ የሰውና የከብት ዓይን ያረፈው በጥቂት ጥልቅ ጕድጓዶችና በቦቴ በሚመላለሰው ውኃ ላይ ነበር። ስለ ድርቁ ሲነገር በተገቢው የሚነሣው የአርብቶ አደሩ መከራ ነው። ከመከራው መካከል ቆመው ሞተር ሲያስነሡ፣ ቧንቧ ሲጠግኑ፣ ቦቴ ሲያሽከረክሩና ወረፋ ሲያስይዙ የነበሩትን የመስክ ሠራተኞች ግን የሚያነሣቸው ጥቂት ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ በሥራው ላይ የሰው ከብት ሲሞት እያዩ የሚውሉት፣ የገዛ ቤተ ሰባቸው ከብት በሌላ ሥፍራ እየሞተ ነው።

በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰው የሚያዝሉ አምስት ነገሮችን መለየት ይቻላል።

አንደኛው ልክ የሌለው ሸክም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዲያልፍ አይፈቅድም። ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተፈቀደ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ድርቅ ድንገተኛ ሊባል አይችልም። የአንድ ሳምንት አጣዳፊ ሥራ ሰውን ያነቃቃው ይሆናል፤ የሁለት ዓመት አጣዳፊ ሥራ ግን ያቃጥለዋል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም ሥርና የልብ ሕመም በ2016 ብቻ 745,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ሁለተኛው ኀላፊነት ያለ ሥልጣን ነው። ሮበርት ካራሴክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው፣ ሠራተኛን ይበልጥ የሚጐዳው የሥራው ክብደት ብቻ ሳይሆን፣ ክብደቱ ከመወሰን ነጻነት ማጣት ጋር ሲደመር ነው። በቆላው ውስጥ ያለ ቴክኒሺያን ሞተሩ ሲቆም የሚጠየቀው እርሱ ነው። መለዋወጫ ዕቃውን የሚገዛው፣ ናፍጣውን የሚፈቅደውና መኪናውን የሚልከው ግን ሌላ ነው። ሕዝቡ እርሱን ያያል፤ እርሱ ስልክ ይደውላል፤ ስልኩም ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ሦስተኛው ሁለት የሚጋጩ ትእዛዞችን መሸከም ነው። ከበላይ የሚመጣው ትእዛዝ «ውኃው መጀመሪያ ለሰው» ይላል። ከጕድጓዱ አፍ የቆመው ሽማግሌ ደግሞ «ከብቴ ከሞተ ልጄ በምን ይኖራል?» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። በሁለቱ መካከል የመፍረዱ ዕዳ ግን የወደቀው ሞተር ማስነሣት እንጂ ዳኝነት ባልተማረው ሰው ላይ ነው።

አራተኛው ብቸኝነት ነው። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ባለሙያ የአገሩን ቋንቋ ኦሮምኛን ሳያውቅ ከመጣ፣ የሚነገረው ሁሉ ቍጣ፣ የሚታየው ሁሉ ዛቻ ሊመስለው ይችላል። የአገሩ ተወላጅ የሆነውም ቢሆን ሌላ ዓይነት ብቸኝነት አለበት፤ ወረፋውን ሲያስከብር ዘመዱ ይቀየመዋል፤ ለዘመዱ ሲያደላ ደግሞ ሌላው ይከሰዋል።

አምስተኛው የድካምና የዋጋ አለመመጣጠን ነው። ዮሐንስ ሲግሪስት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረበው ትምህርት፣ ብዙ ደክሞ ጥቂት የሚያገኝ ሠራተኛ ጤናው እንደሚታወክ ያስረዳል። ዋጋ ማለት ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ምስጋና፣ ዕድገትና የሥራ ዋስትናም ናቸው። ሞተር ሲሠራ ማንም «ማን አሠራው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሲቆም ግን ሁሉም የቴክኒሺያኑን ስም ያውቃል።

፬. ስሜትን የማስተዋል ችሎታ

ስለ ሥራ ዝለት ሲነገር አብሮ የሚነሣው ስሜትን የማስተዋል ችሎታ ነው። ፒተር ሳሎቪና ጆን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ፣ የራስንና የሌላውን ስሜት የማወቅ፣ የመለየትና በእርሱም አሳብንና ተግባርን የመምራት ችሎታ ብለው ተረጐሙት። ዳንኤል ጎልማን በ1995 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ይህን አሳብ በሰፊው እንዲታወቅ አደረገ።

ችሎታው በቆላው ሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያስቸግርም። በቦረና ዘንድ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ሰው ይጠየቃል፤ ከብት ይጠየቃል፤ ዝናብ ይጠየቃል። ከመኪናው ወርዶ ሰላምታውን ሳያደርስ «ሞተሩ የት አለ?» የሚል መሐንዲስ ሥራውን የጀመረ ይመስለዋል፤ በሕዝቡ ዓይን ግን ገና አልደረሰም። ሰላምታውን አድርሶ ያደመጠ ግን፣ የሚጮኽበት ሰው በእርሱ ላይ ሳይሆን ስለ ሞተችው ላሙ እንደሚጮኽ ይገባዋል። ይህን የተረዳ ሰው ቍጣውን በቍጣ አይመልስም፤ ማታም ስድቡን ተሸክሞ አይተኛም።

የኀላፊው ማስተዋል ከሠራተኛው ይልቅ ይበልጣል። ቀድሞ ሪፖርቱን በጊዜው ይልክ የነበረ ሲያዘገይ፣ ተጫዋች የነበረው ዝም ሲል፣ ታጋሽ የነበረው በጥቂቱ ሲቈጣ፣ ከመጠጥ የራቀው ወደ መጠጥ ሲያዘነብል ማየት የኀላፊው ድርሻ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት «ምን ሆነሃል?» ብሎ መጠየቅ ከሙያው የሚቈጠር ተግባር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሠራተኛው ግን የሚደብቀው፣ ቢናገር ደካማ ተብሎ እንደሚመዘገብ ስለሚያውቅ ነው።

ሆኖም በዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስሜትን የማስተዋል ትምህርት ለሥራው ጕድለት መሸፈኛ መሆን የለበትም። ናፍጣ፣ መለዋወጫና ተተኪ ሳይላክለት «ስሜትህን ተቈጣጠር» የሚባል ሠራተኛ ተበደለ እንጂ አልተረዳም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ከሠራተኞችና ከኀላፊዎች ሥልጠና ጋር የሥራውን አደረጃጀት ማሻሻልን የመከረው ለዚህ ነው። በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቍጥር 45003ም እንዲሁ ሥነ ልቡናዊና ማኅበራዊ አደጋዎችን እንደ ማናቸውም የሥራ አደጋ ቀድሞ ማወቅ፣ መመዘንና ከምንጫቸው መቀነስ እንደሚገባ ያስረዳል።

፭. ከኤላው የሚገኝ ትምህርት

የሥራን ሸክም አከፋፍሎ መሸከም ለቦረና ሕዝብ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አይደለም። «ዘጠኙ ቱላ» የሚባሉት የታወቁት ጥልቅ ኤላዎች የሚገኙት ከተልተሌ ወጣ ባለው የቦረና ምድር፣ በዱብሉክና በሌሎችም ሥፍራዎች ነው። ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር የሚደርስ አለ። ውኃው የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ ደረጃ በደረጃ ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ፣ እየዘፈኑም ነው። ባልዲው የሚወረወረውና የሚቀለበው በዜማው ምት ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ከብት በደረቁ ወራት ቀን ተቈጥሮለት፣ ብዙ ጊዜም በየሦስተኛው ቀን ይጠጣል። የወረፋውን ሥርዓት የሚያስከብር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሹም አለ፤ ክርክር ሲነሣም ጉዳዩ በሽማግሌዎች ሸንጎ ይታያል። ከብቱ ላለቀበትም «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው ሥርዓት ወገኖቹ ያወጡለታል።

ይህ ሥርዓት በመሐንዲስ ዓይን ሲመረመር ከላይ ለተቈጠሩት ለአብዛኞቹ መልስ አለው። ሸክሙ በብዙ ክንድ ተከፋፍሏል፤ ተተኪ አለ፤ የፍርዱ ሥራ ከጕልበቱ ሥራ ተለይቶ ለተሾመ ሰው ተሰጥቷል፤ ብቻውን የሚቆም የለም። አንድ ሞተር ሲተከል የብዙ ሰው ድካም ይቀራል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በሰንሰለቱ ፋንታ አንድ ሰው ብቻውን ከሞተሩ ጋር ቀርቶ፣ የአቀባዩንም፣ የአባ ሄሬጋንም፣ የሸንጎውንም ሥራ እንዲሸከም ከተደረገ፣ ዕቅዱ ውኃውን እንጂ ሰውን አላሰበም ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

፮. ከማኅበሩ አባሎች የሚጠበቅ

ከዚህ በመነሣት ለአባሎች የሚቀርቡት አሳቦች የሚከተሉት ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የራቀ የመስክ ሥራ ሲታቀድ በአንድ ጣቢያ ከሁለት ያላነሱ ባለሙያዎች ይመደቡ፤ የሚቀያየሩበትም ጊዜ በሥራው ፕሮግራም ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ተተኪ ያልተመደበለት ዕረፍት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነው።

ሁለተኛ፣ የተተኪው ደመወዝ፣ የመጓጓዣው፣ የማደሪያውና የመገናኛው ወጪ በሥራው ዝርዝርና ዋጋ ውስጥ ራሱን ችሎ ይግባ። በዋጋ ዝርዝር ያልገባ ነገር በሥራ ላይ እንደማይውል ማንም መሐንዲስ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ለመስክ ባለሙያ በተወሰነ ገንዘብ ልክ መለዋወጫና ናፍጣ የመግዛት ሥልጣን ይሰጠው። የውኃ ወረፋ ዳኝነት ደግሞ ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለውኃ ኮሚቴው ይተው።

አራተኛ፣ ወደ ቆላው የሚላክ ባለሙያ ከመሄዱ በፊት ለሥራው የሚበቃ ኦሮምኛና የአገሩን ወግ ይማር።

አምስተኛ፣ ከሞተሩ መዝገብ ጐን የሠራተኛው የሥራ ሰዓትና የዕረፍት መዝገብ ይያዝ። በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የሚሰጠው የ16 የሥራ ቀን ዕረፍትና የሳምንቱ የ24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት መከበሩ በቍጥጥር ይረጋገጥ።

ስድስተኛ፣ ከከባድ የመስክ ግዳጅ የተመለሱ ሠራተኞች ያዩትንና የደረሰባቸውን ለባልደረቦቻቸው የሚናገሩበት፣ ለነቀፋ ያልሆነ ስብሰባ ይደረግ፤ ሕክምና የሚያስፈልገውም ያለ ኀፍረት ወደ ሐኪም ይላክ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ሕዝብ ውኃ ተጠምቶ፣ ከብት ሜዳ ላይ ወድቆ ሳለ ስለ ሠራተኛ ዕረፍት መናገር ይገባልን? የሚል ነው። ተቃውሞው ከሰብአዊነት የመነጨ በመሆኑ ሊናቅ አይገባውም። በችግር ቀን ጥቂት መጨነቅ፣ ጥቂትም ማምሸት የማይቀር ነው፤ ይህን የሚክድ ባለሙያ የለም። ነገር ግን ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው የሞተሩን ዘይት ሳያይ ቢያስነሣውና ቢያነደው፣ የሚጠማው ያው ሕዝብ ነው። ያንቀላፋ የቦቴ ሾፌር ከመንገድ ቢወጣ የሚፈሰው ያው ውኃ ነው። ልቡ የደነደነበት ቴክኒሺያን ለተጠማው ሽማግሌ ፊቱን ቢያዞርበት የሚዋረደው ያው ሽማግሌ ነው። የአገሩን ጕድጓድ ጠባይ ጠንቅቆ ያወቀ ባለሙያ ዝሎ ሥራውን ሲለቅም፣ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የሠራተኛው ዕረፍት ከሕዝቡ ውኃ ላይ የተቀነሰ ተደርጎ መቈጠር የለበትም፤ ውኃው ሳይቋረጥ እንዲወርድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንደ ገመቱት፣ በድባቴና በጭንቀት ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን ያህል የሥራ ቀን ይባክናል። አገር ባለ ጥቂት ባለሙያ በሆነች መጠን የእያንዳንዱ ባለሙያ መዛል ጉዳቱ የከፋ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

በቦረና ድርቅ ደጋግሞ የመጣ ነው፤ ወደ ፊትም ይመጣል። ለሚቀጥለው ድርቅ ጕድጓድ ይቈፈራል፤ ሞተር ይገዛል፤ ቦቴ ይዘጋጃል። የማኅበሩ አባሎች እነዚህን ዕቅዶች ሲነድፉ፣ ሲመረምሩና ሲያጸድቁ በእያንዳንዱ ንድፍ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ ዘንድ ይለመናሉ፦ በዚህ ሞተር አጠገብ የሚቆመው ማን ነው? እርሱን የሚተካውስ ማን ነው? መልሱ በንድፉ ላይ ካልተጻፈ፣ ንድፉ ገና አላለቀምና ፊርማ አይገባውም።